ከደንገሉ በታች

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ችካሉ ደንገሉ መካከል ገብቷል። ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ ነው፤ ሰባት ቆጠርሁ። ከከተማው ወደ ሐይቁ የሚመጣው አውራ ጎዳና በዚያ ሊያልፍ ነው። ረግረጉን በድንጋይና በቀይ አፈር ይሞሉታል አሉ።

ልጄ ሙሉነሽ እዚያ ውስጥ ናት። ሰኔ ላይ ለአባቷ ታንኳ መሥሪያ ደንገል ልታጭድ ገብታ፣ የቆመችበት የተጠላለፈ የደንገል ሥር ተከፈተባት። አባቷ ሦስት ቀን እየጠለቀ ፈለጋት። አልተገኘችም። ፍትሐቱ ያለ አስከሬን ሆነ።

ጌታሁን እራት ላይ፣ «ይድፈኑት። ልጄን የበላ ጭቃ ነው። እኔ ራሴ ድንጋይ አቀብላለሁ» አለ። ለእኔ ግን ድንጋዩ በላይዋ ሲራገፍ ይሰማኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ጧት ሄጄ ዳሩ ላይ ተቀመጥሁ። ጉም ነበር። ወደ ዘጌ የሚቀዝፉት ሰዎች ድምፃቸው እንጂ መልካቸው አይታይም። መሬቱ እንደተኛ ሰው ደረት ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ይወርዳል። ጆሮዬን አስጠግቼ ጋደም አልሁ። ከሥር ውሃው ይንሾካሾካል። ሙሉነሽ ፀጉሯን ፈትታ የምታበጥር መሰለኝ። ስነሣ ቀሚሴ ርሷል፣ ፀሐይዋም ወጥታለች።

ለቀበሌ ማመልከቻ ልጽፍ ነው። በሰው አላስጽፍም። በመሠረተ ትምህርት የለየሁት ፊደል ለዚህ ካልሆነ ለመቼ ነው። እስከ ቀትር ጥቂት መስመር ጻፍሁ። ታንኳ ሠሪው ሁሉ የሚያጭደው ከዚያ ነው። ዓሣው የሚራባው እዚያ ነው። ክረምት ጎርፉ ከቤታችን የማይደርሰው ረግረጉ ስለሚጠጣው ነው። ስለ ሙሉነሽ አልጻፍሁም። እጄ እንቢ አለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ሊቀ መንበሩ ጮክ ብሎ አነበበው። «ይህ ቦታ የድንግል መሬት ስለሆነ አይነካ።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «እማማ፣ የቤተ ክርስቲያን መሬት ከተወረሰ ስንት ዘመኑ። ደግሞስ ታቦት በሌለበት ረግረግ ድንግልን ምን አመጣት?»

ግራ ገባኝ። ወረቀቱን ሲያሳየኝ «ደ»ን «ድ»፣ «ገ»ን «ግ» አድርጌዋለሁ። ደንገል ያልሁት ድንግል ሆኗል። ጸሐፊው ከጥግ ሆኖ፣ «ድንግል መሬት ከሆነማ ያልታረሰ ነው፤ መልማት አለበት» አለ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሰኔ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው አፌን በነጠላዬ ያዝሁ።

ወረቀቱን ግን አልመለሰልኝም። «ለማንኛውም የመንገዱ መሐንዲስ ይየው። የተቀደሰ ቦታ ካለ ኋላ ሕዝቡ ያጉረመርማል» ብሎ ማኅተም መታበት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

መሐንዲሱ መጣ። አገሩ ሐረር ነው፤ ትሑት ሰው ነው። «እማማ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል ነው?» አለኝ።

መዋሸት አማረኝ። በእመቤታችን ስም መዋሸት ግን ፈራሁ። «የፊደል ስሕተት ነው፤ ደንገል ማለቴ ነው» አልሁት። ፈገግ ብሎ ሊመለስ ዞረ። ያን ጊዜ ከአፌ ወጣ፤ «ልጄ ግን እዚያ ውስጥ ናት።»

ቆመ። ጫማውን አወለቀ። እየመራሁት ገባን። መሬቱ ከእግሩ ሥር ሲወዛወዝ ክንዴን ጨበጠ። ቀይና ነጭ መለኪያ ዘንጉን ወደ ታች ሰደደው፤ ሰመጠ። ሌላ ቀጠለበት፤ እሱም ሰመጠ። ሦስተኛ አልነበረውም።

«ካርታው ከሥሩ ቅርብ ላይ ድንጋይ አለ ይላል። ታች ድረስ ወርዶ የሚያውቅ ሰው ይኖራል?» አለ።

አለ፣ ባለቤቴ ነው አልሁት። ወዲያው ጸጸተኝ። ጌታሁን «ድንጋይ ነክቻለሁ» ካለ አለቀ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ጌታሁን ደጅ ተቀምጦ ነበር። መሐንዲሱ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው። «አባባ፣ ሲጠልቁ እግርዎ ድንጋይ ነክቷል?»

ጌታሁን እጆቹን ያያል። እኔ አምዱን ተደግፌ ቆሜአለሁ።

«አልነካም» አለ። «መጀመሪያ ቀን ገመድ ታጥቄ ወረድሁ፤ ገመዱ አለቀ። በማግሥቱ ሌላ ቀጠልሁበት፤ እሱም አለቀ። ውሃው ጭቃ ይሆናል፣ ጭቃው ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ድንጋይ ብታፈሱበት ይውጠዋል። እንደ…» አልጨረሰውም።

ይህን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥሁ። መሐንዲሱ ጻፈ፣ ጻፈና ሄደ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ሰባቱም ችካል ከደንገሉ ተነቅሏል። ከቀትር በኋላ ከፍ ባለው መሬት ላይ ተከሉት። አራተኛው ጓሯችን ውስጥ ነው፤ አምስተኛው ማድ ቤቱ በር ላይ።

መሐንዲሱ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። «ቤቱ የሚፈርሰው ከበላይ ካጸደቁት ነው» አለ። ሊቀ መንበሩ ምትክ ቦታ ይሰጣል ይላል፤ የት እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም።

ጌታሁን ቤቱን ዞረው፣ ግድግዳውን እየዳሰሰ። ምርጉን የመረገው በገዛ እጁ ነው። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። መጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ ወደ ደንገሉ እያየ፣ «ከሚሰጡን ቦታ እስከዚህ በእግር ምን ያህል ይሆን?» አለኝ።

«እንጃ» አልሁት። «ቅርብ ይሁን።»