«የተከበሩ» መባሉን ትቼ ወደ ፖሊስ ተመለስኩ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሊሆን ነው። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷ ዳገት እምቢ ስላላት ኦቾሎ ተራራ እህቷ ዘንድ መውጣቱን ትታለች፤ አሁን እህቷ ናት ወደ እኛ የምትወርደው። የግቢው ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ፤ ለጎረቤት አደልነው። አልጋህን ከመስኮቱ ሥር ለማንሳት እስካሁን አልጨከንንም።

ዋናውን ነገር ግን አልነገርኩህም። ምክር ቤቱን ለቅቄ ወደ ፖሊስ ተመልሻለሁ።

የተመረጥኩ ዕለት ከሲቀላ ሰፈር እስከ ቤታችን ያገኘኸውን ሰው ሁሉ እያስቆምክ «ልጄ የተከበረች ሆነች» ስትል፣ እኔ በሐፍረት ከኋላህ ስከተል ትዝ ይልሃል? ዕድሜህን ሙሉ ፖሊስ ሆነህ ስትሠራ «የተከበሩ» ያለህ አልነበረም። ክብሩን በእኔ አገኘኸው። የፖሊስነት ሥራዬ እንደናፈቀኝ በሕይወት እያለህ ለመናገር አፌ ያልታዘዘልኝም ለዚህ ነው።

ካረፍክ ከጥቂት ወራት በኋላ በመናኸሪያው በኩል በመኪና ሳልፍ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች በተሳፋሪ ተጣልተው ድንጋይ አንስተዋል። ወረድኩ። ገና ኮንስታብል ሳለሁ እንዳስተማርከኝ፣ ሳልጮህ መሀላቸው ገብቼ «ስምህ ማነው? የማን ልጅ ነህ?» አልኩ። የአባቱን ስም የጠራ ሰው ድንጋይ መወርወር ያፍራል ትለኝ ነበር። እውነትህን ነው። አንደኛው የአባቱን ስም ሲጠራ እጁ ወረደ፤ ሌላውም ድንጋዩን ጣለ።

አብሮኝ የነበረው የምክር ቤት ባልደረባዬ «የተከበሩ፣ ይሄ እኮ የእርስዎ ሥራ አይደለም» አለኝ። ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ካጸደቅኩት ሁሉ ያቺ አፍታ በለጠችብኝ። በሳምንቱ መልቀቂያዬን አስገባሁ።

ሰው ብዙ አወራ። ተባራ ነው ያሉም ነበሩ። ወንድምህ ሁለት ወር ሙሉ አኩርፎኝ ከረመ። እኔ በድሮ ማዕረጌ ተመለስኩ። አለቃዬ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? መስፍን! ያ እኔ ያሠለጠንኩት፣ እሁድ እሁድ እየመጣ በኳስ ከአንተ ጋር ሲከራከር የሚውለው። የመጀመሪያው ቀን ሰላምታ ስሰጠው ደንግጦ ከወንበሩ ተነሳ።

«ኧረ እትዬ፣ አይደረግም!»

«ይደረጋል፣ ጌታዬ» አልኩት። ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

የተመደብኩት የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ከዶርዜ ወርዳ መጣች። ባሏ ሕፃኗን ነጥቋት ጠፍቷል። በአማርኛ ስትጠየቅ አንገቷን ደፋች። በጋሞኛ ሳናግራት ቀና አለች። ቀኑን ሙሉ አብሬያት ስዞር ዋልኩ፤ አመሻሽ ላይ ልጁን ዘመድ ቤት አገኘነው። እናቱን ሲያይ መጀመሪያ አኮረፈ፣ ከዚያ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ።

አቧራ ለብሼ ቤት ስገባ እማዬ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «አባትሽን መሰልሽ» አለች። ከዚያ ፊቷን አዞረች።

ይህን ሰምተህ ትቆጣኝ እንደሆነ አላውቅም። ቁጣህም ቢሆን ናፍቆኛል፣ አባዬ። ዩኒፎርሙን ለብሼ በወጣሁ ቁጥር አንተን ይዤህ እወጣለሁ፤ እስክንገናኝ ድረስ አልረሳህም።

ልጅህ