የአርባ ሰው አንገት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? የጓዳላሃራ ሙቀት በረደላችሁ ወይ? እንቅልፍሽስ? እኛ እዚህ ፑዌብላ ደህና ነን። እማማ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን ያማታል፤ እሷ ግን የምትሰድበው ደረጃውን ነው። እኔም አለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ጠብ ሲመጣ አንዳችን ሌላው ጆሮ ላይ ስለምንዘጋ ነው። ወረቀት አይዘጋም፤ ብትቀድጂውም አንብበሽ ነው።

ነገሩ ስለ ፎርሞቹ ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፍሽ በአውቶቡስ የላክሽልኝን ፎርም ይዤ በምሳ ሰዓት ኢንጂነሪንግ ግቢ በር ላይ ቆምኩ። እውነትሽን ነው፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስልኩ ውስጥ ገብቷል፤ ቅዳሴ ላይ እንኳን እንዲህ አያጎነብሱም። አንዱን ረዥም ልጅ፣ "ወንድሜ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ስለ አንገት ሕመምና ስለ ስልክ ነው" አልኩት። "አንተ የየትኛው ክፍል ነህ?" አለኝ። "የየትኛውም አይደለሁም፤ እዚያ ማዶ ስልክ እጠግናለሁ" አልኩት። ሳቀ። "እንግዲያው ስልኩን ጠግን፣ አንገቱን ለሐኪም ተው!" አለና ፎርምሽን አጣጥፎ ሳንዱቹ እንዳይንጠባጠብበት ከሥር ያዘበት። ያንቺን ፎርም! በጥፊ መታሁት፤ ልጁን ሳይሆን ሳንዱቹን። አቮካዶው ሸሚዙ ላይ። ዘበኛው አንገትጌዬን ይዞ አወጣኝና "ሁለተኛ እዚህ በር ላይ እንዳላይህ!" አለኝ። ታውቂኝ የለ? መምህሩ ላይ ወንበር ያነሳሁ ዕለትም እንዲሁ ነበር። ከትምህርት ቤት የቀረሁትም በዚሁ ነው።

ከዚያ ምን ብዬ ልደውልልሽ? "ያቺን አንዲት ነገር እንኳን አበላሸሁብሽ" ልበል? ሱቅ ተመለስኩና የቀሩትን አርባ ፎርሞች ራሴ ሞላኋቸው። አዎ፣ እኔ። በሦስት ቀን፣ በአራት ዓይነት እስክሪብቶ፣ አንዳንዱን በግራ እጄ። ለሁሉም ዕድሜ ሰጠኋቸው፤ ማን ሰነፍ ማን ጎበዝ እንደሆነ ሳይቀር አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄሽ ላይ ግን ተናደድኩብሽ። "የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነዎት? ካልሆኑ እናመሰግናለን፤ እዚህ ላይ ያቁሙ።" እናመሰግናለን! ያልተማረ ሰው አንገት የለውም? ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ የሚያጎነብስ ተማሪ ብቻ ነው? አርባ ጊዜ "አዎ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። መጀመሪያ በንዴት ነበር። ኋላ ኋላ ግን ደስ ሳይለኝ አልቀረም። እንዲሁ ላክሁልሽ።

ባለፈው ሳምንት በደስታ እየጮህሽ ደወልሽ። አድቫይዘርሽ ዶክተር ኦፌሊያ፣ "የፑዌብላ ኢንጂነሮች ጉድ ናቸው! ሁሉንም ሕመሙ ከቀኝ ትከሻቸው ወርዶ፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጣት ያደነዝዛቸዋል፤ የጽሑፍሽ ልብ ይሄ ነው" አሉኝ አልሽኝ። እማማ በዚያው ቀን ለዲፌንስሽ ቀን የሞሌ ወጥ የምትሠራባቸውን ሁለት ቱርኪዎች ገዛች። "ልጄ መምህራኖቿ ፊት ስትቆም፣ እኔ ወጤን ይዤ በር ላይ ነኝ" እያለች ለሰፈሩ ታወራለች። እኔ ደግሞ የኔን ውሸት ይዘሽ ስትቆሚ ነው የሚታየኝ። አንዱ ብድግ ብሎ፣ "ይሄ አርባ ሰው ነው ወይስ አንድ?" ቢልሽስ?

እና ሌላ ዘዴ ፈለግኩ። ስልኩ ጠረጴዛዬ ላይ ተፈታቶ የተኛበት ተማሪ የት ይሄዳል? እጁ ባዶ ነው፣ አንገቱ ቀና ብሏል፣ አፍጥጦ ያየኛል። ፎርሙን ኮፒ አስደርጌ ያኔ አቀብለዋለሁ። አሠሪዬ ዶን ኤውሴቢዮ፣ "ይሄ ልጅ ስልክ አግቶ ሰው ያናዝዛል!" እያለ ይስቃል። ሠላሳ አንድ ሰው በገዛ እጁ ሞላልኝ። ፎርሞቹ ከደብዳቤው ጋር ናቸው። እንደ በፊቶቹ አያምሩም። አንዱን ግራውን፣ ሌላውን ቀኙን ያመዋል፤ ስምንቱን ምንም አያማቸውም። የጽሑፍሽ ልብ ይጠፋል፤ ቀኑም ይራዘም ይሆናል። ለእማማ እኔ እነግራታለሁ፤ ቱርኪዎቹ እስከዚያ ይወፍራሉ። ለዶክተሯም ማን እንደሠራው ንገሪያቸው፣ አትሸፍኚልኝ።

አርባዎቹን ከመሀል አውጪና ቅደጃቸው። ዕድሜው ውሸት ነው፣ ክፍሉ ውሸት ነው፣ የእጅ ጽሑፉም ውሸት ነው። "የት ያምዎታል? ስንት ሰዓት ላይ? እስከ የትኛው ጣት?" የሚለው ጋ ስደርስ ግን መፍጠር አቃተኝ። ከራሴ ሌላ የምገለብጠው አንገት አልነበረኝም።

የጓዳሉፔ እመቤት ከፊትሽ ትቅደም፤ በሚጠይቁሽ ሁሉ ፊት ሞገስ ትሁንሽ። ስትሰድቢኝ በደንብ ስደቢኝ፣ ግን ጻፊልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ