ያላየሁት ቢሮ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 9 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት እህቴ ለእትዬ ብርሃነሽ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ? እኔና ልጄ ኤፍራታ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። እሷ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ገብታለች።

ባለፈው በስልክ «ድርጅቱ ሌባ ሆኖ ተገኘ፤ ይድነቃቸው ከእንግዲህ አይጠብቅ» ብዬ ቶሎ ዘጋሁብዎት። የቀረውን በአፌ መናገር ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

በሰኔ ልጅዎ ይድነቃቸው፣ አንድ የጥበቃ ድርጅት ኩዌት ላይ ኃላፊ አድርጎ ሊቀጥረው እንደሆነ ሲነግረን፣ «ሲራክ፣ ቢሮው አንተ ያለህበት አገር ነው አሉ። ሄደህ በዓይንህ እየው። አንተ ካየኸው ልጄን እለቃለሁ» አሉኝ። በሳምንቱ ሲደውሉ፣ «አየሁት እትዬ፤ ትልቅ ሕንፃ ነው» አልኩዎት።

አልሄድኩም ነበር። ቢሮው አለበት የተባለው የዚህ አገሩ አሌክሳንድሪያ ከተማ ከቤቴ በመኪና ቢበዛ አርባ ደቂቃ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ሌላ ውሸት እጨምራለሁ፤ በዚያ ሳምንት ሁለት ቀን ሙሉ ቤት ተኝቼ ውያለሁ። ዌብሳይታቸውን ከፍቼ የሕንፃውን ፎቶ አየሁና፣ ይኸው አለ አይደል ብዬ ተውኩት። ለእርስዎ የተረክሁልዎት ያንን ፎቶ ነው።

ይድነቃቸው በእኔ ቃል አሥራ አንድ ዓመት የሠራበትን ማዘጋጃ ቤት ለቀቀ፤ ፓስፖርቱንም ላከላቸው። መስከረም ጠብቶ የድርጅቱ ሰዎች ድምፅ ሲጠፋ፣ እርስዎ «ቢሮውን ታውቀው የለ፤ ሄደህ ጠይቅልኝ» አሉኝ። ያኔ ነው ኤፍራታን እንድታጣራልኝ የለመንኳት።

ኮምፒውተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። «አባ፣ ዌብሳይቱ የተከፈተው ባለፈው ግንቦት ነው። እነሱ ግን ሃያ ዓመት ሠርተናል ይላሉ» አለች። የሥራ አስኪያጁን ፎቶ በኢንተርኔት ስትፈልገው፣ ሰውዬው በሌላ ስም የካናዳ ጥርስ ሐኪም ሆኖ ተገኘ። የደንበኞቹ ምስጋና ከሌላ ድርጅት ገጽ ከነፊደል ስሕተቱ የተገለበጠ ነው። ሕንፃውም የሌላ አገር ባንክ ነው። እዚህ ስትደርስ ዞር ብላ አየችኝ።

«ዌይት፣ ቆይ አባ። ለአክስቴ ሄጄ አየሁት አላልካትም?»



ቅዳሜ አብረን ሄድን። በአድራሻው ያገኘነው፣ በልብስ ማጠቢያና በጥፍር ማሳመሪያ ቤት መሐል ያለች፣ የፖስታ ሳጥን የምታከራይ ጠባብ ሱቅ ነች። ባለሱቁ፣ በድርጅቱ ስም ሳጥን የተከራዩት ሰዎች በነሐሴ እንደለቀቁ ነገረን። የይድነቃቸው ፓስፖርት የደረሰው በሐምሌ ነው፤ ወስደውታል።

ኤፍራታ፣ «በሰኔ ሰው መጥቶ ቢጠይቅህ፣ ቢሮ እንደሌለ ትነግረው ነበር?» አለችው።

«ለምን አልነግረውም?» አለ።



ለፖሊስ አመልክቻለሁ። የሰጡኝን ወረቀት ለይድነቃቸው ልኬለታለሁ፤ አዲስ ፓስፖርት ሲያወጣ ይረዳው ይሆናል። የለቀቀውን ሥራ ግን ልመልስለት አልችልም።

ሰፈሩ ተላላ እያለ እንደሚስቅበት፣ እርስዎም «እንዴት በኢንተርኔት ታምናለህ» ብለው እንደተቆጡት ሰምቻለሁ። እትዬ፣ እሱስ ተጠራጥሮ ነበር። ፓስፖርቱን ሊልክ ሲል ደውሎ፣ «አጎቴ፣ በእርግጥ ቢሮውን አይተውታል?» አለኝ። ያኔ እውነቱን መናገር እችል ነበር። አፍሬ፣ «እንዴ፣ ልጅ መሰልኩህ?» ብዬ ተቆጣሁት። ይቅርታ ጠየቀኝ። እሱ እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እትዬ።

ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ ደብዳቤ የሚያነብልዎት እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። መጀመሪያ፣ «ይህን ሌላ ሰው ያንብብልዎት» ብዬ ጽፌ ነበር። ቀድጄው እንደገና ጀመርኩ። ይድነቃቸው፣ ጮክ ብለህ አንብብላቸው። ምንም አትዝለልልኝ።

እመቤቴ ጉልበትዎን ታበርታልዎት፤ ለልጅዎም የተዘጋበትን በር ትክፈትለት። ለእኔ መጸለዩን ልብዎ ሲፈቅድ ብቻ ያድርጉት።

ያሳደጉት ወንድምዎ
ሲራክ