ፊደሉ የት ገባ?

ሰኞ
«ከድጃ» ብዬ አንድም ሳልሳሳት ጻፍኩ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የስም ሳጥን ግን ባዶ ነው። ልጄ ሰሚራ ሳቀችብኝ። «እማ፣ መጀመሪያ ሳጥኑን ንኪዋ!»

የሠራችውን ፕሮግራም የምሞክርላት እኔ ነኝ። ወልቂጤ ያለ አንድ ክሊኒክ በሽተኞቹን በኮምፒውተር መመዝገብ ፈልጓል። ዓርብ ያዩታል። ከወደዱት እዚያው ይቀጥሯታል። እኔ ቡታጅራ ብቻዬን መቅረቴ ነው። አትሂጂ ግን አልላትም። አባቷ ሲሞት ከትምህርት አስቀርቼ ሱቅ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ
የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ስለሆነ፣ ሰሚራ የኛን ፊደላት ስክሪኑ ላይ ደርድራለች። በማውስ መንካት ነው። ዛሬ ሳጥኑን ነካሁ፤ ብልጭ ድርግም የምትለው መስመር መጣች። «ከ»ን ስነካ መስመሯ ጠፋች። ፊደልም የለም።
«አሁንስ ነክቻለሁ» አልኳት። አልሳቀችም። ምሳም አልበላችም።

ረቡዕ
ጠዋት መብራት የለም። ሻይ እየጠጣን አስረዳችኝ። ፎከስ የሚሉት ኮምፒውተሩ ለጊዜው ትኩረቱን ያደረገበት ቦታ ነው። ፊደል ሲነካ ፕሮግራሙ «ፎከስ ማን ጋ ነው?» ብሎ ያጣራል። ግን በተነካበት ቅጽበት ፎከሱ ከሳጥኑ ወጥቶ ፊደሉ ራሱ ጋ ሄዷል።
«እንግዳው ከወጣ በኋላ ነዋ የሚጠይቀው!»
«አንቺ ደግሞ!» ብላ ሳቀች። ደስ አለኝ።
ከሰዓት መብራት መጣ። ፎከሱ ከሳጥን ሲወጣ ፕሮግራሙ የትኛው ሳጥን እንደነበረ እንዲይዝ አደረገችው፤ ፊደሉም እዚያው ይገባል። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፤ ሁሉም ቦታ ቦታው ገባ። አጨበጨብኩ።

ሐሙስ
ሰሚራ ገበያ ሄዳ ብቻዬን ሞከርኩ። «መዝግብ» የሚለውን ነካሁና ሁለተኛዋን በሽተኛ ጀመርኩ። ስሟ የአያት ስም ሳጥን ውስጥ ገባ! ፕሮግራሙ የያዘው የመጨረሻውን ሳጥን ነው። ሰሚራ ሁልጊዜ የስም ሳጥኑን ነክታ ስለምትጀምር አላየችውም።
ዝም ብልስ? ነገ እዚያ ይበላሽባታል፤ ትመለሳለች። ወላሂ አሰብኩት። ከዚያ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ደብተር የያዙ ልጆችን የምታይበት ዓይኗ መጣብኝ።
ስትገባ «ሰሚ፣ ሁለት ሰው አከታትለሽ መዝግቢልኝ፤ ሁለተኛውን ስትጀምሪ ግን የስም ሳጥኑን እንዳትነኪ» አልኳት።
«ውይ እማ! ጉድ ሆኜ ነበር!» አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። አሁን ከመዘገበ በኋላ ፎከሱ ራሱ ወደ ስም ይመለሳል።

ዓርብ
ከወልቂጤ ደወለች። «እማ፣ የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ሦስት ሰው አከታትሎ መዘገበ፤ አንዴም አልተሳሳተም!»
«ወደዱት?»
«ሰኞ ጀምሪ አሉኝ!»
አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ከልቤ ነው።
«ድምፅሽ ምን ሆነ?»
«ጉንፋን ነው።»
ወፍራሙን ብርድ ልብስ አውጥቼ አጣጠፍኩት። ወልቂጤ እንደኛ አይበርድም ይላሉ። ቢሆንም ትውሰደው።