ሟች ሊመሰክር ቢሮ ገባ

ውድ የእህቴ ልጅ፣

ስልክሽን ብትዘጊው በብዕር መጣሁብሽ። እናትሽ ይህን ፖስታ ስታቀብልሽ ፊትሽን እንዳታዞሪ፤ ሰኞ ወደ ስፌት ማሽንሽ ትመለሻለሽ። አሸንፈናል። እንዴት እንደሆነ ግን ከጥፋቴ ልጀምርልሽ፤ አለዚያ ድሉ አያምርም።

የሥራ ጋውንሽን እጅጌ ለቀልድ ጫፉ ላይ ሰፍቼ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይህን ታውቂያለሽ። ክንድሽ እጅጌው ውስጥ ተቀርቅሮ፣ መቀስ ይዘሽ፣ ስልኩን በትከሻሽ ደግፈሽ ለእናትሽ “ይሄን ወንድምሽን አንድ ቀን ገድዬው ነው የማርፈው” አልሻት። ደረትሽ ላይ የተሰካችው፣ እኛ “አሳባቂዋ” የምንላት የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል መሣሪያ ሁሉንም አየች፣ ሰማች። ሥራ ታቀላጥፋለች ተብላ ለድርጅቱ ሠራተኞች ሁሉ የታደለች ሰሞን፣ አዝራር ሰፊዋ ማርገዟን ቢሮው ከባሏ ቀድሞ ሲያውቅ ስቀን ነበር። መሣሪያዋ የዋልንበትን በራሷ ጭንቅላት አሳጥራ ለቢሮ ትጽፋለች። ስለ አንቺ የጻፈችው በቀይ ነበር፦ “ሠራተኛዋ የቤተሰብ አባል ለመግደል ዝታለች። ስለት ይዛለች።”

የማታውቂው ቀጥሎ ያለውን ነው። ባገዱሽ ማግስት እኔንም ጠርተው ዛቻው እውነት እንደሆነ ጠየቁኝ። ሰው ሲኮሳተር አፌን ይበላኛል፤ “ምን አዲስ ነገር አለው፤ ከተወለደች ጀምሮ ስትገድለኝ ነው የኖረችው” አልኩ። ማንም አልሳቀም። አሳባቂዋ እኔም ደረት ላይ ነበረች፤ “ተበዳዩ ጥቃቱ ከዓመታት በፊት እንደጀመረ መስክሯል” ብላ ጻፈች። እገዳሽ ስንብት የሆነው በዚያች ቀልዴ ነው። ሁለት ሳምንት ይህን ውጬ ተቀመጥኩ። ለቀልድ የማልሰንፈው ሰውዬ ለይቅርታ ሰነፍኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ።

“ሟቹ ነኝ፤ ልመሰክር መጣሁ” አልኩት።

ሳቁን ዋጥ አድርጎ ስንብትሽ በመመሪያው መሠረት መሆኑን ነገረኝ። መሣሪያዋ ቀይ ካለች እሱ ምንም ማድረግ አይችልም፤ ማሽን ደግሞ አይዋሽም። ያለ አስተማሪ ማሽን ስጠግን ያረጀሁ ሰው ነኝና፣ ማሽን እንደማይዋሽ፣ ክሩ ሲያልቅበት ግን ሳያውቀው ባዶውን ሲሰፋ እንደሚውል አስረዳሁት። ከዚያ እሱ ራሱ እስከ ምሳ ድረስ አሳባቂዋን ደረቱ ላይ እንዲሰካት ለመንኩት። ምን የምደብቀው አለኝ ብሎ ሰካት።

ከምሳ በኋላ ጸሐፊዋ ሪፖርቱን ስታነብ የስፌት ክፍሉ በሙሉ በሩ ላይ ተኮልኩሏል። “ተናጋሪው”፣ ማለትም ሥራ አስኪያጁ፣ ለጨርቅ ነጋዴው “እኔ ልሙት” እያለ አምስት ጊዜ መሞት እንደሚፈልግ ገልጿል። ለእናቱ በስልክ “አፈር ስሆን” ብሎ ስለ ቀብሩ ተናግሯል። ሾፌሩን “ጨረስከኝ እኮ” ስላለው ሾፌሩ በነፍስ ግድያ ይጠረጠራል። በሩ ላይ የቆመው ሾፌር ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አነሳ። ሥራ አስኪያጁም አብሮን እስኪያነባ ሳቀ።

ጸሐፊዋ “ለባለቤቱ ደግሞ” ብላ ጀመረችና ድምጿ ቀነሰ። ሰውዬው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ወረቀቱን ነጠቃት። ጆሮው ሳይቀር ቀላ። ሳቁ ጸጥ አለ። እንደዚያች ደቂቃ ለቀልድ የተመቸ ጊዜ በዕድሜዬ አላገኘሁም፤ አልቀለድኩም።

“እሱ የእርስዎና የሚስትዎ ነው” አልኩት። “የኛም የኛ ነበር።”

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። አሳባቂዋንም ከደረቱ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። አዝራር ሰፊዋ የራሷን ከጎኗ አስቀመጠች፤ ከዚያ ሁሉም ተከተለ። የተቀዳው በሙሉ ዓይናችን እያየ ተደመሰሰ፤ የስንብት ደብዳቤሽም ተቀደደ። ሰፊዎቹ ወደየቦታቸው ሮጠው፣ ያለ ጨርቅ ማሽኖቻቸውን ባንዴ አስነሷቸው። እንደዚያ ያማረ ጫጫታ ሰምቼ አላውቅም። ሥራ አስኪያጁ ፈርሞ ይቅርታ የጠየቀበትን የመመለሻ ደብዳቤ ከዚሁ ጋር አድርጌልሻለሁ።

ከተደመሰሰው ውስጥ የቆጨኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለፈው ወር ለአዲሷ ሰፊ ማሽን ሳስተካክል ስለ አንቺ የነገርኳት ነበር። አንቺ ከሰማሽው ትኮሪብኛለሽ ብዬ ደብቄው ኖሬያለሁ። አሁን ማስረጃው ስለጠፋ በእጄ ልጻፈው፦ እዚህ ቤት እንዳንቺ ቀጥ አድርጎ የሚሰፋ የለም፤ ስትሠሪ ባየሁሽ ቁጥር ምነው የኔ ልጅ በሆነች እላለሁ።

በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ አብረን እንገባለን።

የእናትሽ ታናሽ ወንድም