ቀላሉ ምላጭ

ማክሰኞ፣ ማርች 4
ዝናብ። ምሳ ጥቁር ዳቦ በኮምጣጤ ከተዘፈዘፈ ዓሣ ጋር። ከሰዓት ክበቡ ሄድኩ። የተኩስ ሜዳችን ኃላፊ ኤቤ፣ የምዋሰው የክበቡ ጠመንጃ ስላረጀ የራሴን እንድገዛ ነገረኝ። የኤፕሪሉ ውድድር ሳይደርስ።
ቆሜ መተኮስ ከተውኩ ሁለት ዓመት። ተቀምጦ ጠረጴዛ ላይ መተኮስ ይሻላል... ጠመንጃው አሸዋ ከረጢት ላይ ይተኛል፣ ከኔ የሚፈለገው አንድ ጣት ነው። ጣቷስ? ቀኝ እጄ እንደሚንቀጠቀጥ ከሐኪሙ በቀር ማንም አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ላም ያዋለድኩበት እጅ...

ቅዳሜ 8
ቪቦርግ ከተማ፣ ጠመንጃ ሻጩ ጋ። በዓይን አይመረጥም አለኝ። እንዲህ ያለች ትንሽ ጥይት የምትተኩስ ጠመንጃ ሁሉ የምትወደውን የጥይት ዓይነት ራሷ ትመርጣለች፣ መሞከር ነው።
ሁለት አወጣልኝ። አንዱ አዲስ፣ ሰደፉ ጠፍጣፋ፣ ምላጩ ገና ሲነኩት የሚተኩስ። ሌላው የሟች ሰው ዕቃ። ሰደፉ ተጫጭሯል፣ ምላጩ ከበድ ይላል። ሐሙስ ሁለቱንም ክበቡ ድረስ ሊያመጣልኝ።

ሐሙስ 13
አዲሱ፣ ሃምሳ ሜትር ላይ፣ አምስት ጥይት በአንድ ቀዳዳ። ሰው ተሰበሰበ። አሮጌው የመጀመሪያውን የጥይት ዓይነት እንደ ሽምብራ በተነው። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ጠላ። በአራተኛው ዓይነት ሰበሰበ፣ ግን ቀዳዳው ሰፋ ይላል።
ኤቤ ማሞገስ አያውቅም። "ቶራ፣ አዲሱን ካልወሰድሽው እኔ ነኝ የምወስደው" አለ። ሁሉም ሳቁ።
አዲሱን አልኩ። ለሁለት ሳምንት ሙከራ፣ ክበቡ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል።

ቅዳሜ 15
ሳልዘጋጅ ተተኮሰ። ጣቴን ገና ወደ ምላጩ ሳስጠጋ... ጥይቱ ከጎኔ ያለውን ዒላማ እንጨት ሰነጠቀው። ከሁለት ደቂቃ በፊት ኤቤ እዚያው ቆሞ ወረቀት ይሰቅል ነበር። ያኔ ጠመንጃዬ ባዶ ነበር፣ ደንቡ ነው። ቢሆንም...
ምን ሆነሽ ሲለኝ ክርኔ አዳልጦኝ ነው አልኩት። ዋሸሁ።

እሑድ 16
ሾርባውን በሁለት እጄ ይዤ ጠጣሁ። ብናገር የጠመንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ባልናገርስ?

ማክሰኞ 18
ኤቤ ቤት ሄድኩ። የፖም ዛፍ እየገረዘ ነበር። መሰላል ላይ እንዳለ ሁሉንም ነገርኩት። ወረደ።
"ወረቀቱን የሰቀልኩት እኔ ነበርኩ።"
"አውቃለሁ።"
"ክርኔ ነው አልሽኝ።"
"ፈራሁ፣ ኤቤ። የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው።"
የመግረዣውን መቀስ ሣሩ ላይ አስቀመጠ። ቢቆጣ በተሻለኝ። የሐኪም ወረቀት እስካመጣ ድረስ ጠመንጃ እንዳልነካ ነገረኝ። ግቢ እንኳ አላለኝም።

ማክሰኞ 25
ሐኪሙ ጻፈልኝ። ምላጩ ከባድ ከሆነ፣ የሚያያት ሰውም ካለ፣ ትችላለች ይላል። አዲሱን መለስኩ።
ኤቤ አሮጌውን ከሻጩ አስመጣ። ምላጩ ላይ አንድ ኪሎ አንጠለጠለበት። ቻለው፣ አልተሳበም። ከዚያ ባዶውን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ጣቴን እንዳሳርፍ አዘዘኝ። ሃምሳ ጊዜ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እሱ ያያል... አፈርኩ። ያለፈቃዴ አንድም ጊዜ ቀጭ አላለም።
"ይሄንን ውሰጂ" አለ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5
ውድድሩ። ከሃያ ሁለት ሰው አሥራ ዘጠነኛ። ሳልጀምር፣ ግራና ቀኜ ለተቀመጡት እጄ እንደሚንቀጠቀጥ ነገርኳቸው። አንዱ ራሱን ነቀነቀ፣ ሌላው ወንበሬን አስተካከለልኝ። ኤቤ እስከ መጨረሻው ከኋላዬ ቆሞ ነበር።
ሲያልቅ ከሌላ ክበብ የመጣ ክኑድ የሚባል ሰው ቀረበኝ። ስለ ጥይቱ ጠየቀኝ፣ ስለ ሰደፉ... ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ምላጩ ምን ያህል ይከብዳል?" አለኝ። ቀኝ እጁን ከኪሱ አላወጣም።
ነገርኩት። ስልክ ቁጥሬንም ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። ሰባቷ አንድ ትመስላለች።
"ይነበባል?" አልኩት።
"ይነበባል" አለና ወረቀቷን በግራ እጁ ተቀበለኝ።