ስንዱ የጀመረችው ምንጣፍ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ነጠላውን ገለጥኩት። ልጄ ስንዱ ካረፈች ጀምሮ የጀመረችውን ምንጣፍ ከነመሥሪያ እንጨቱ ሸፍኜው ነበር። ከትናንት ወዲያ መንፈቋን አወጣን፣ ሰዉ ተበተነ። የቀረው ታላቅ ወንድሜ ነው። ከአንኮበር መጥቶ እስከ ቅዳሜ ይቆያል።

ዛሬ በሆዱ ያለውን ተናገረ። ቤቱን አከራይቼ አብሬው ልውረድ። ምንጣፉንም እንደተጀመረ ቆርጠን ግድግዳ ላይ እንስቀለው ይላል።

«እዚህ ብቻሽን ምን ልትሆኚ ነው?» አለኝ።

 እስከ ቅዳሜ ላስብበት አልኩት።

ምንጣፉ ጉልበቴ ድረስ ደርሷል። ዳሩ ጥቁር፣ መደቡ ነጭ። ከታች ቀይ ነገር ይነሳና ወደ ግራ ይታጠፋል። እዚያ ላይ እጇ ቆመ። አበባ ይሁን ወፍ አላውቅም። ሱፉን የፈተልኩላት እኔ ነኝ። ምን እንደምትሠራበት ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ንድፉን ስፈልግ ዋልኩ። ምንጣፍ የሚሠሩ ሰዎች መጀመሪያ በባለካሬ ወረቀት ይነድፋሉ፣ ከዚያ እያዩ ይቋጥራሉ። ፍራሹን ገለበጥኩ። የልብስ ሻንጣዋን፣ የዳዊቷን ማኅደር፣ የስኳር ጣሳውን ሳይቀር አየሁ። የለም።

ከሰዓት ዘነበች መጣች። ከስንዱ ጋር አንድ ምንጣፍ መሥሪያ ነበር የሚሠሩት። ንድፉን አንቺ ጋ ትታው ይሆን ብዬ ጠየቅኳት። ሳቅ አፈናት።

«እትዬ አስካለ፣ እሷም እኮ አታውቀውም ነበር።»

ሌሎቹ ወረቀት እያዩ ሲሠሩ ስንዱ ዝም ብላ ትጀምር ነበር አለችኝ። ምን ሊሆን ነው ሲሏት፣ እኔም ለማየት ነው የምቸኩለው ትላቸው ነበር።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ስድስት ወር ሙሉ፣ ምስጢሯን ይዛብኝ ሄደች እያልኩ ነበር የማለቅሰው። ለካ ምስጢር አልነበረም። ከዚያ ሳቄ መጣ። ወንድሜ ከጓሮ እየሮጠ ገባ፣ ያለቀስኩ መስሎት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ዘነበች ማለዳ መጥታ ቋጠሮውን አሳየችኝ። ክሩን በሁለት ድር ላይ ማዞር፣ በመካከል ማውጣት፣ መሳብ፣ መቁረጥ። ሲነገር ቀላል ነው። እጄ ለብዕርም ለቋጠሮም ዘገምተኛ ነው፣ ብርዱም አለ። አንድ መስመር ሠራሁ፣ ፈታሁት። ደግሜ ሠራሁ፣ ፈታሁት። ሦስተኛውን ግን አልፈታም አልኩ።

ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። «ጠሟል» አለ።

«ይጥመም» አልኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ቀዩ ሱፍ አለቀ። የነከረችው ራሷ ነበረች፣ በምን እንደነከረችው አላውቅም። ዘነበች ከገበያ ያመጣችው ቀይ ሌላ ቀይ ነው። ግማሽ ቀን እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። በቃ፣ እስከዚህ ነው አልኩ።

በኋላ ወንድሜ ለፈትል ያመጣልኝ ከረጢት ትዝ አለኝ። የራሱ በጎች ሱፍ ነው፣ አመድ የመሰለ ዳለቻ። ትንሽ ፈተልኩ። ስንዱ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር ብዬ አላሰብኩም። ዳለቻውን ከቀዩ ጫፍ ላይ ቀጠልኩት። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደነገጥኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

የቋጠርኩት ሁለት ጣት ያህል ሆነ። ዘነበች ዶሮ ነው ትላለች፣ ዳለቻው ጭራው። ወንድሜ ስንት ጊዜ እየተመላለሰ ሲያየው ቆይቶ በመጨረሻ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። የእኛ የአንኮበሩ ገደል ነው፣ ጉም ሲወጣበት አለ። እንግዲያው ዶሮው ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል አለችው። እኔ ባየሁት ቁጥር ሌላ ነገር ይታየኛል።

ያለኝ፦ ነጭ ብዙ። ጥቁር ጥቂት። ዳለቻ ግማሽ ከረጢት። ዓይኔ ደህና ነው። ጊዜም አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ወንድሜን መናኸሪያ ሸኘሁት። አብሬው አልወረድኩም። ጠዋት ቦርሳውን ሲያነሳ ምን ወሰንሽ አለኝ። እቆያለሁ አልኩት። ቆይተሽ ምን ልትሆኚ ነው አለ፣ እንደ ሰኞው።

«አላውቅም ወንድምጋሼ። እሱን ለማየት ነው የምቆየው።»

ቦርሳውን ተሸክሞ ወጣ። መኪናው ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ መስኮቱን ከፍቶ ጠራኝ። ለገና ሌላ ዳለቻ ይዞ ሊመጣ ነው። እስከዚያ እንዳትጨርሺው አለኝ። ገደሉን እሱም ማየት ይፈልጋል።

ቤት ስገባ ፀሐይ በድሩ መሀል አልፋ ወለሉ ላይ መስመር መስመር ሠርታ ነበር። ስንዱን አለቀስኳት። አልቅሼ ስነሳ ሁለት መስመር ቋጠርኩ። አንዱም አልጠመመ።

ስድስት ወር ሙሉ ዛሬ ምን ቀን ነው ብዬ አላውቅም ነበር። ነገ እሑድ ነው፣ ሥራ የለም። ሰኞ ራቀብኝ።